ሥዕሉ ላይ የሌለችው ተላላኪ

ጤና ጣቢያችን ኮምፒውተር ሊገባለት ነው ተብሎ ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አንድ ወጣት ተላከልን። ግድግዳው ላይ አንሶላ የሚያህል ወረቀት ለጠፈና መሀሉ ላይ ክብ ሠራ፤ ክቡ አዲሱ ፕሮግራም ነው አለን። ዙሪያውን ሣጥን ሣጥን አደረገ፤ አንዱ በሽተኛ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ላብራቶሪ። ከዚያ ለፕሮግራሙ ምን እንደምንሰጥ፣ ከእሱስ ምን እንደምንቀበል አንድ በአንድ እየጠየቀን ቀስት ያሰምር ጀመር።

እኔ ተላላኪ ነኝ። ካርዱን ከካርድ ክፍል፣ ውጤቱን ከላብራቶሪ ወደ ሐኪም ሳመላልስ አሥራ ምናምን ዓመቴ። ሁለት ሴት ልጆቼን አዘዞ በኪራይ ቤት የማሳድገው በዚሁ እግሬ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቀርም አንድ ነገር አውቃለሁ፤ በእኛ መሥሪያ ቤት የሰው ስም ግድግዳ ላይ የሚወጣው ሊቀነስ ሲል ነው።

ተራዬ ሲደርስ ምን ከየት ወዴት እንደማደርስ ጠየቀኝ። ምንም አላደርስም፣ እንዲያው ወዲህ ወዲያ እላለሁ አልኩት። ደግ ልጅ ነው፣ አመነኝ። በብልጠቴ እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ሸጋ ሆነ። ከላብራቶሪ የወጣው ቀስት በክቡ በኩል አድርጎ ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳል፤ ደረጃ አይወጣ፣ አያለከልክ። ኃላፊያችን በጣታቸው ቀስቶቹን እየተከተሉ፣ ከእንግዲህ እዚህ ላይ የሌለ የሥራ መደብ አያስፈልገንም አሉ። የካርድ ክፍሏ ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ምነው አንቺ፣ በሕይወት አለሽ?» አለችኝ።

ፕሮግራሙ በተሞከረ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ውጤቱ እንደ ዱሮው በወረቀት ተጻፈ፣ ሥዕሉ ላይ የሌለችው ሴትዮም እንደ ዱሮው ተጠራች። እስከ ምሳ ድረስ ስትሮጥ አረፈደች።

ከምሳ በኋላ ወጣቱን ብቻውን አገኘሁትና ፈርቼ እንደዋሸሁት ነገርኩት። አልተቆጣም። ግን ሥዕሉ ላይ ለመግባት ለፕሮግራሙ የምሰጠው ነገር መኖር አለበት አለኝ።

«መብራቱ ሲመጣ፣ ያን ሁሉ ወረቀት ሰብስቦ ለኮምፒውተሩ የሚያደርሰው ማን ነው ልጄ?» አልኩት።

ሥዕሉን ቆሞ አየው። «ይኼን ምነው ያን ጊዜ ቢነግሩኝ እናቴ» አለ።

ከኪሱ እርሳስ አወጣና ጥግ ላይ ትንሽ ሣጥን ሠርቶ፣ ተላላኪ ብሎ ጽፎበት፣ ወደ ክቡ አንድ ቀስት ሰደደ። በእርሳስ ያደረገው ኃላፊው እስኪያጸድቁት ነው አለኝ። ኃላፊው እስካሁን አላዩትም። ጠዋት ጠዋት ያንን ክፍል የማጸዳውም እኔ ነኝ፤ ግድግዳውን ሁሉ በጨርቅ እወለውላለሁ፣ ያቺን ጥግ ግን አቧራ ቢውጣትም አልነካትም።