በሬን የዘጋሁበት ክረምት

ሰሞኑን የወንድሜ የልጅ ልጅ በከተማው አዳራሽ ለወጣቶች የተሰጠ ሥልጠና ተካፍላ መጣችና፣ «አያቴ፣ የሕይወት ዓላማሽን ያገኘሽው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አሠልጣኙ ዝምተኛ ሰው አፉን ከፍቶ ካልተናገረ አያድግም ብሏቸዋል። ይህን የምትነግረኝ ማስቲካዋን ጧ ጧ እያደረገች ነው።

ዓላማ የሚለውን ቃል ስሰማ ያቅለሸልሸኛል። በእኔ ወጣትነት ይህን ቃል የያዙት ድምፅ ማጉያ የጨበጡ ሰዎች ነበሩ። እሑድ ጠዋት ቀበሌ አዳራሽ ሰብስበው ያስጨበጭቡናል፤ «ዓላማ የሌላት ሴት» እያሉም ከመካከላችን ዝም ያለችውን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸው እኔ ላይ ያርፍ ነበር። ስለዚህ ለልጅቷ «እኔ እንጃ» ብቻ አልኳት። እውነቱን ግን አውቀዋለሁ። ነገሩ የአንዲት ክፍል ነገር ነው።

ያኔ ዲላ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ያደግሁት ሰው በበዛበት ቤት ነው፤ በልጅነቴ ብቻዬን የሆንኩበት ሰዓት ትዝ አይለኝም። ሽንት ቤት ስገባ እንኳ ውጭ ቆሞ የሚያወራኝ አይጠፋም ነበር። ሥራ ይዤም በዘመድ ቤት ከሌሎች ሴቶች ጋር በአንድ አልጋ እተኛ ነበር፤ አንዷ እግሯን ሆዴ ላይ ጥላ ታድራለች። ቀበሌው ከተወረሰ ትልቅ ቤት የተከፈለች አንዲት ክፍል ሲያከራየኝ፣ የመጀመሪያውን ቀን መሬት ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ። ደስታ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ክፍሏ ግን ግድግዳዋ ኮምፔንሳቶ ነበር፤ ከወዲያ በኩል አንዲት ጠላ ሻጭ ትኖራለች። ስታገሳ እሰማታለሁ፤ ስትገላበጥ እሰማታለሁ። ሳታንኳኳ ትገባለች። ገብታ የድስቴን ክዳን ታነሳና ጣቷን ነክራ ትልሳለች፤ «ጨው አንሶታል» ትላለች፤ ያንኑ የላሰችውን ጣት መልሳ ትነክራለች። እሷ ስትወጣ ወጡን ለድመት እደፋለሁ። ሰፈሩ ግን «ሰው ወዳድ» ይላት ነበር። እኔን «ኩሩዋ አስተማሪ» ይሉኛል።

ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ የበር መቀርቀሪያ ገዛሁ። ባለሱቆቹ ከመሐል አገር የመጡ እስላሞች ናቸው፤ መቀርቀሪያውን የሸጠችልኝ የባለሱቁ ሚስት ነች። ጠላ ሻጯ በሩን ገፍታ እንቢ ያላት ዕለት ከደጅ ጮኸች።

«አስተማሪ! አለሽ?»

«አለሁ።»

«በሩን ምን ነካው?»

«ዘግቼው ነው።»

«አሞሽ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ለማትሠራ ሴት መቀርቀሪያ ምን ያደርግላታል?»

እውነትም ምንም አልሠራም ነበር። ከምሳ በኋላ መቀርቀሪያውን እገፋና መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። መጀመሪያ ቀን በጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ሁሉ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፤ የርዕሰ መምህሩ፣ የስብሰባው፣ የጎረቤቴ። ቆይቶ ቆይቶ እነሱ ሲደክማቸው የእኔ ይመጣል። ሌላው ሰው ራሱን የሚያገኘው የሚወደውን በማወቅ ይሆናል፤ እኔ የሚቀፈኝን በመለየት ነው። ሊያገባኝ ይመላለስ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ እንደሚቀፈኝ ያወቅሁት እዚያ ተቀምጬ ነው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። በማስተምርበት ክፍል ዝም የሚሉትን ልጆች በግድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሜ ማስለፍለፌ እንደሚቀፈኝም ያወቅሁት እዚያው ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ አንድም ዝምተኛ ልጅ አላቆምኩም፤ ደብተሩን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ እንዲመጣ አደርጋለሁ፤ በሹክሹክታ ያነብልኛል። ዓላማ የሚባለው ይህ ከሆነ፣ ነበረኝ ማለት ነው።

ነሐሴ ገባ። ወንድሜ ፍስሐ ገነት ከተማ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሜካኒክ ነበር፤ ክረምት ክረምት የመፈልፈያውን ማሽን ፈታትቶ ይጠግናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ሊገዛ ዲላ ሲመጣ እኔ ጋ ጎራ ይላል። በዚያ ወር መንገዱ በጭቃ ስለተበላሸ ሳይመጣ ቀረ። እኔ ምንም አልመሰለኝም። ሰፈሩ ግን ቀኑን ይቆጥር ኖሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። መንኳኳቱ ራሱ አስደነቀኝ። ከፈትኩ። ጠላ ሻጯ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች፤ ከነጠላዋ ሥር የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። ሳትናገር ገባች፤ ድስቴን ሳትነካ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳህኑን ገለጠችው፤ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ነው። «ቅመሽ እናቴ» አለችኝ በቀስታ። እኛ ወንጌላውያን ነን፤ አንጾምም። እነሱ ግን ፍልሰታን ይጾሙ ስለነበር የጾም ምግብ ልታካፍለኝ ነው ብዬ በላሁ። እያየችኝ እንባዋን ጠረገች። ጉንፋን ይዟታል አልኩ።

በማግሥቱም መጣች፤ ሌሎች ሴቶች ተከተሏት። አንድ አንድ እያሉ፣ ጨው የሚበደሩ እየመሰሉ ይገባሉ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። የባለሱቁ ሚስት ስኳር ጠቅልላ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዝናቡን አብረን ሰማን። እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ ከሰው ጋር ሆኜ የተመቸኝ በእነዚያ ቀኖች ብቻ ነው። በመጨረሻ ገባቸው ብዬ ነበር። ሰው ከሰው ጋር ሳይለፈልፍ መቀመጥ እንደሚችል ያወቁ መስሎኝ፣ በልቤ ለጠላ ሻጯ ስለ ድስቱ ይቅርታ አድርጌላት ነበር። ያን ይቅርታ ማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌሎቹ ሲወጡ የባለሱቁ ሚስት ወደ ኋላ ቀረችና እጄን ያዘች።

«አላህ ያጽናሽ እህቴ። የት እንደቀበሩት እንኳ ነግረውሻል?»

«ማንን?»

«ወንድምሽን ነዋ!»

ያን ጊዜ ፀረ ሕዝብ ተብሎ የተገደለ ሰው አይለቀስለትም። እናት እንኳ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ በሯን ዘግታ ነው የምታነባው። በር ተዘግቶ ድምፅ የማይሰማበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወንድሜ ቀርቷል፤ እኔ በር ዘግቻለሁ፤ ተገድሎባት ደብቃ ታለቅሳለች አሉ። ያ ንፍሮ የለቅሶ ንፍሮ ኖሯል። እኔም በልቼ አረጋገጥኩላቸው።

ለሴትዮዋ «ወንድሜ ደህና ነው» ስላት እጄን ለቀቀች፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም። ያታለልኳት መሰላት። በሕይወት ያለ ሰው እህት ሆኜ ስኳሯን መቀበሌ ሌብነት የሆነ ይመስል ነበር። ሁሉም ከቤቴ ወጥተው በየደጁ ሲያወሩት ሰንብተዋል። ወሬው ቀበሌ ደረሰ፤ ዘበኛ ተላከብኝ።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሊቀ መንበሩና የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ ጠበቁኝ። ሰብሳቢዋ ጥርሷን በክብሪት እንጨት ትጎረጉራለች፤ ያወጣችውን ታየዋለች፤ መልሳ ትበላዋለች። የእኔን ክፍል ለእህቷ ልጅ ትፈልጋት እንደነበር ሰፈር ያውቃል። ስሟን አልጽፍም፤ የሚያውቋት ያውቋታል።

«አስተማሪ፣ ለማን ነው የምታለቅሺው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ለማንም።»

«ንፍሮ በልተሻል።»

«ርቦኝ ነው።»

ዘበኛው ሳቀና ሊቀ መንበሩ ሲያየው ሳል አስመሰለው።

«ወንድምሽ የት ነው?»

«ፍስሐ ገነት። ማሽን ይጠግናል።»

«በር ዘግተሽ ምን ትሠሪያለሽ? ጸሎት ነው?»

«አይደለም።»

«ወረቀት ታባዣለሽ?»

«አላባዛም። እቀመጣለሁ።»

«ተቀምጠሽስ?»

«በቃ እቀመጣለሁ።»

ሰብሳቢዋ የክብሪት እንጨቷን ከአፏ አወጣች። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጤነኛ ሰው በር ዘግቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል? ይቺ ሴት ብቻዋን መኖር የለባትም። ደባል ይግባላት። የእህቴ ልጅ አለች፤ ንቁ ልጅ ናት፤ ታነቃቃታለች።»

እስከ እሑድ ወንድሜን በአካል እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ካልቀረበ የምጠየቀው በክፍሏ ብቻ አይሆንም አሉኝ።

እስከ ይርጋ ጨፌ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በጭቃ በእግሬ ሄድኩ። ወንድሜን ያገኘሁት በማጠቢያ ጣቢያው ጥላ ሥር የማሽኑን ክፍሎች ማዳበሪያ ላይ ዘርግቶ፣ እስከ ክርኑ ግራሶ ተቀብቶ ነው። ነገርኩት።

«ለእኔ ንፍሮ? እኔ ቆሜ?» ብሎ ሳቀ። «ቀመስሽው?»

«በላሁት።»

«አይ አንቺ! ጣፈጠሽ?»

«ደህና ነበር።»

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ስሙ ቀበሌ ውስጥ ከሞቱት ሰዎች ጋር መነሳቱ ታሰበው። በመንገዱ ሁሉ «አንቺ ልጅ፣ ባል ብታገቢ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር» እያለ ሲነተርከኝ መጣ።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሞተውን ሰው ለማየት ያልመጣ የለም። ወንድሜ ተነሥቶ ቆመ፤ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። እዚያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ሊቀ መንበሩ «እህትህ ግን ለምን በር ትዘጋለች?» አለው። ወንድሜም ዞር ብሎ አየኝና ግንባሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«እህቴ ከልጅነቷ ጀምራ ትንሽ አመም ያደርጋታል። ከሰው ጋር መሆን አትችልም። በሽታ ነው፤ ምን ይደረግ።»

አዳራሹ በአንድነት ተነፈሰ። ሰብሳቢዋ ከመድረክ ወርዳ አቀፈችኝ፤ የላብና የከረመ ቅቤ ሽታዋ አፌ ውስጥ ገባ። «ውይ በሞትኩት! ቀድመሽ ብትነግሪንስ!» ስትል ጉንጬ በምራቋ ረጠበ። ሊቀ መንበሩም «ሕመምተኛ ከሆነችማ ደባል አያስፈልጋትም፤ የሰው ልጅ አምጥተን ከሷ ጋር አንዘጋም» አለ። ክፍሏ ልትተርፍልኝ ነው። ከኋላ ግን አንዲት እናት፣ «ታዲያ የታመመች ሴት ልጆቻችንን እንዴት ታስተምራለች?» አለች። ወንድሜ በዓይኑ «እሺ በይ» ይለኛል። እሺ ብል ክፍሏ ለእኔ ትሆናለች፤ እነዚያ ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው እንዲያነቡልኝ ያሰብኳቸው ልጆች ግን ይሄዳሉ። ከዚያ የሚብሰውም አለ። ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህ ሰዎች እያዘኑልኝ፣ እያቀፉኝ፣ ምራቃቸውን ጉንጬ ላይ እየተዉ ሊኖሩ ነው።

ጉንጬን በነጠላዬ ጠረግሁ። ሁሉም እያዩኝ ጠረግሁት።

«አልታመምኩም» አልኩ። «ሰው ይሰለቸኛል። ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ ማንንም ማየት አልፈልግም። በሬን የምዘጋው ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።»

«ሕዝቡ ሰለቸኝ ነው የምትዪው?» አለ ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ተነሥቶ።

«ሕዝቡን አላልኩም። እናንተን ነው።»

ያልታሰርኩት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘበኛው እንደገና ስለሳቀና አዳራሹ አብሮት ስለሳቀ ይሆናል። ወንድሜ «አዋረድሽኝ» ብሎኝ ሳይሰናበተኝ ሄደ፤ ለረጅም ጊዜም ደጄን አልረገጠም። ወዲያውኑ ተወሰነ፤ የሰብሳቢዋ የእህት ልጅ ትግባ ተባለ።

ፍራሿን ይዛ ገባች። ጠዋት ስትነሣ ታወራለች፣ ፀጉሯን ስትሠራ ታወራለች፣ ስትበላ አፏ ሞልቶ ታወራለች፤ የጎረሰችው ከምላሷ ላይ ሲገላበጥ ይታየኛል። አልበደልኳትም። ያበሰልኩትን አካፍላታለሁ፤ ለጠየቀችኝ እመልሳለሁ፤ ከምሳ በኋላ ግን መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ቀጥላ ዘፈነች። ቀጥላ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እትዬ፣ እባክሽ አንድ ነገር በይ» ማለት ጀመረች። እላለሁ፤ «ምን ልበል?» እላታለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አለቀሰች። ጠላ ሻጯ በግድግዳው ወዲያ «ምን አደረገችሽ?» ብላ ጮኸች። ልጅቷ «ምንም!» አለች፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም።

አዲሱ ዓመት ሳይገባ ፍራሿን ጠቀለለች። በሩ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ አንቺ ሰው አይደለሽም» አለችኝ። «ቁልቁለቱ ያዳልጣል፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ» አልኳት። አክስቷ ሌላ ደባል ልታስገባ ብትዞርም፣ ከእኔ ጋር የሚኖር ሰው ከሰፈሩ ጠፋ።

ፍራሹ የነበረበትን መሬት በውሃ አጠብኩት። ሲደርቅ አልጋዬን ከጥግ ስቤ ሌላ አልጋ እንዳይገባ ክፍሉ መሐል ላይ አደረግሁት። እዚያው መሐል ላይ ጋደም አልኩ።