ገመድ የሚታሰርበት ድንጋይ

ልጅ እያለሁ በፎገራ ሜዳ ለውሻ የሚወረወር ድንጋይ እንኳ ብርቅ ነበር። መሬቱ ሁሉ ጥቁር ጭቃ ነው። ታዲያ በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል፣ ከእኛ ማሳ ጥግ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ ድንጋይ ብቻውን ቆሞ ነበር። ማን እንዳቆመው የሚያውቅ የለም። ኩኩሉ ስንጫወት ግንባሬን እሱ ላይ አስደግፌ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ የፀሐይ ሙቀቱና የከብት ጠረኑ ዛሬም አልጠፋኝም። ከብቶቹ ሲታከኩበት ይውሉ ነበራ!

ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ደለሉ የማሳውን ድንበር ሁሉ ይውጠዋል። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ሽማግሌዎች ከድንጋዩ ወገብ ገመድ አስረው የየሰዉን መሬት እንደገና ይለኩ ነበር። ክርክር ቢነሣም “ድንጋዩ ይፍረድ” ከተባለ አበቃ።

እናቴ ግን ከድንጋዩ ጋር ጠብ ነበራት። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ቤታችን ገብቶ መደቡን ያበሰብሰዋል፤ እሷ በጣሳ እየቀዳች ታወጣለች። “ድንጋይ ሜዳ ላይ ተገትሮ እኔ ውሃ ላይ ልተኛ?” እያለች አባቴን ነዘነዘችው። አንድ ቀን ፈልጦ ለቤቱ መሠረት ሊያደርገው መዶሻ ተውሶ ወጣ። እኔም እያለቀስሁ ተከተልሁት።

ስንደርስ ጎረቤታችን እትየ ጥሩ ድንጋዩን ተደግፈው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል፤ ያለቻቸው ከድንጋዩ አጠገብ ያለች አንዲት ቁራጭ መሬት ናት።

“እትየ፣ ይነሡ እንጂ” አላቸው አባቴ።

“እነሣለሁ ልጄ። መስከረም ላይ ገመዱን ከየት እንደምትጥልልኝ ብቻ ንገረኝ።”

አባቴ ድንጋዩን አየ፤ የእትየ ጥሩን መሬት አየ። መዶሻውን ትከሻው ላይ መልሶ “በሉ ይፍተሉ” አላቸው። ደስታዬ! እየዘለልሁ ቤት ገባሁ። እናቴ ግን አኩርፋ ሰነበተች።

ዘንድሮ እናቴን ልጠይቅ ወረታ ከተማ ስደርስ፣ በመንደራችን በኩል ለሩዝ ማሳ ቦይ ተቆፈረ ሲሉ ሰምቼ ክው አልሁ። እሷን ይዤ ሄድሁ። ቦዩ ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ ዞሮ አልፏል። ዙሪያው ታጥሮ፣ ጽሕፈት ሳይታወቅ በፊት የቆመ ቅርስ ነውና አትንኩ የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። እፎይ አልሁ! ዛሬ መሬት የሚለካው በመሣሪያ ነው፤ ኩኩሉ የሚጫወቱ ልጆችም አጥሩን አልፈው አይገቡም። ይሁን፤ እሱ ቆሟል።

ሰሌዳውን ለእናቴ አነበብሁላት። አጥሩን ይዛ ድንጋዩን ብዙ አየችው።

“እሰይ!” አለች፤ “ያን ሁሉ ክረምት ከቤቴ ውሃ እየቀዳሁ ያወጣሁት በከንቱ አልነበረም።”