አፋፉ ያልደረሰች በቅሎ

ልጄ በሕይወት ሳለ እንግዳ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ከሚዛን ተነስቶ ማጂን አልፎ እስካለው ፓርክ ይነዳል። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ስለ አንድ አፋፍ ያወራኛል።

"ተራራው እዚያ ላይ ያልቃል፣ እማዬ። ከዚያ በታች ሜዳ ነው፣ ዓይንሽ እስኪደክም። አንድ ቀን ወስጄ አቆምሻለሁ።"

"ኮረሪማዬን ማን ይሸጥልኛል?" እለው ነበር።

ሲሞት አላለቀስኩም። ለቀስተኛው ሲጮህ እኔ የድንኳኑን ካስማ እቆጥር ነበር። አሥራ ስምንት ነው። ሙት ዓመቱ ሲወጣም እንደዚያው ነበርኩ። ገበያ እወጣለሁ፣ ኮረሪማዬን መዝኜ እሸጣለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ጎረቤቶቼ ጠንካራ ነች አሉኝ። ጥንካሬ አልነበረም። እግር ሲደነዝዝ ቢቆነጥጡት እንደማይሰማው ማለት ነው።

የሱ ልጅ፣ ቴፒ የምትማረው የልጅ ልጄ፣ ይሄ አላማራትም። ከጓደኞቿ ጋር ፓርኩን ለመጎብኘት ሲነሱ ለኔም ቦታ ያዘች። "አባዬ ባለሽ ቦታ ላይ አቆምሻለሁ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንደማለቅስ እርግጠኛ ነበረች። እኔ እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ግን ነጠላዬን አጠፍኩ።

ፓርኩ በር ስንደርስ ጠዋት ነበር፣ ጉሙ ከዛፎቹ ወገብ አልወረደም። ወጣቶቹ በእግራቸው ይወጣሉ፣ ለኔ አንድ በቅሎ ያስፈልጋል። ሰባት ባለ በቅሎዎች በሩ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳ የመጣው ከስንት ሳምንት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ከገባ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ለአንድ በቅሎ ኪራይ ሰባቱም ተነሱ።

እዚያ ሰው መርጦ በቅሎ አይወስድም። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ቆብ ውስጥ ይጥላል፣ የማያውቃቸው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣል። አንዱ ቁልፍ ጣለ፣ አንዱ የበቆሎ ፍሬ፣ አንዱ እሾህ። በመጨረሻ አንድ ጥርሱ የሳሳ ሽማግሌ አንድ ፍሬ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ከኪሱ አውጥቶ ጨመረ።

"እማማ ያውጡልን" አሉ።

ይሄን ሥራ አውቀዋለሁ። ሰፈራችን ለበዓል በሬ ታርዶ ቅርጫ ሲከፋፈል ዕጣውን የማወጣው እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ለራሴ አጥንት የበዛበት መደብ ወጣልኝ። ጎረቤቶቼ እናስተካክልልሽ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ልጄ ያኔ ትንሽ ነበር፣ አለቀሰ። ካደገ በኋላ ለሰው ሁሉ "ከእናቴ ጋር ቅርጫ የገባ አጥንት ይግጣል" እያለ ያስቅብኝ ነበር።

እጄን ሰደድኩ። ጀንፈሉ ወጣ።

ባለ በቅሎዎቹ ሳቁ። "አባባ፣ በቅሎዎ እሳቸውን ትሸከማለች ወይስ እሳቸው እሷን?" አለ ባለ ቁልፉ። "ተዋት፣ ጡረታዋን እየጠበቀች ነው" አለ ሌላው። ሽማግሌው ኮርቻውን ያጠብቅ ጀመር።

ከፓርኩ የተሰጠን አስጎብኚ ወደኔ ጠጋ አለ። "እማማ፣ አፋፉ ሩቅ ነው። ይቺ አሮጊት ናት። ድጋሚ ያውጡ፣ ማንም አይቀየምም።"

"ሰባቱም ቆቡ ውስጥ ሲጥሉ ቆመህ ታይ አልነበረም?"

"አይቻለሁ።"

"እንግዲያው ለምን ድጋሚ አወጣለሁ?"

የልጅ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። "እማዬ፣ ዛሬ እንኳን ተይው። እባክሽ። ዛሬ ብቻ።"

"ወጥቷል" አልኳት፣ እግሬንም ወደ እርካቡ አነሳሁ።

መንገዱ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ነው። ጉሬዛዎች ከላያችን ይዘላሉ፣ ወጣቶቹ ስልካቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። እኔም አየሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጭራው ረጅም ነው። ደስ ይላል የሚባል ነገር መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ወጣቶቹ ቀደሙን፣ ድምፃቸውም ራቀ።

አንዲት ምንጭ ጋ ስንደርስ በቅሎዋ ቆመች። ሽማግሌው ሳባት፣ አልተነቃነቀችም። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ወረድኩ።

"ከዚህ ወዲያ አትሄድም፣ እቴ" አለኝ። "አምናም እዚሁ ነው የቆመችው።"

"አምና?"

"አምና።"

"ታዲያ እንደማትደርስ እያወቅህ ነው ምልክትህን የጣልከው?"

መሬት መሬት አየ። "ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።"

"ቅርጫ ውስጥ የበሰበሰ ሥጋ ይገባል? የስድስት ሰው ዕድል ነው የወሰድከው። ባለ እሾሁ ልጆች የሉትም?"

"አሉት።"

"ስንመለስ ለሁሉም ራስህ ትነግራቸዋለህ።"

"እነግራቸዋለሁ" አለ። አልተከራከረኝም። ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ በቅሎዋ ውሃ ጠጣች። በእግሬ ልሞክር ብዬ አላሰብኩም፣ ጉልበቴ ከሷ ጉልበት አይሻልም።

በቅሎዋ ጠጥታ ስትጠግብ "አፋፉ ላይ ሲቆሙ ምን ይታያል?" አልኩት።

"ሜዳ ነው። ወንዝ አለ። አንዳንዴ ጎሽ ይታያል።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምን አለ? ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ይመለሳል።"

ወጣቶቹ ሲወርዱ የልጅ ልጄ ዓይኗ አብጦ ነበር። እዚያ ላይ ጉሙ ለትንሽ ጊዜ ተገልጦላቸው ነበር። ምንጩ ጋ ተቀምጬ ስታየኝ አልፋኝ ወረደች።

በሩ ላይ ሽማግሌው ቃሉን አከበረ። "አልደረሰችም። እንደማትደርስም አውቅ ነበር" አላቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ ማንም አልሳቀም። ባለ እሾሁ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ጀንፈሉን እጄ ላይ አስቀመጠው። "ከእንግዲህ ቆብ ውስጥ አይገባም፣ እቴ። አንቺ ያዢው።" በቅሎዋን ይዞ ሄደ። ትክክለኛው ነገር ተደርጓል፣ እኔ ነኝ ያስደረግሁት። ደስ ሊለኝ ወይም ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር። ጀንፈሉን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

በመኪናው ውስጥ የልጅ ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ማጂን ካለፍን በኋላ ቋጠሮው እጄ ውስጥ መሆኑን አየሁ። ስጨብጠውና ስለቅቀው ነበር የቆየሁት። ያን ሰውዬ ስድስት ሰው ፊት እውነቱን አናግሬዋለሁ። የኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

"ልጄ" አልኳት። "በሩ ላይ ሳለን የበቅሎዋ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነበር። ገና እግሬን ሳላነሳ።"

አልዞረችም።

"ወጥቷል ያልኩሽ እውነቴን ነው። ዕጣ አይመለስም። ግን አባትሽ ባለው ቦታ ቆሜ፣ እንደ ድንኳኑ ካስማ ሜዳውን ብቆጥረውስ ብዬ ፈራሁ። እዚያም ምንም ባይሰማኝ ሌላ የምሄድበት ቦታ የለኝም።"

መኪናው ጭቃው ውስጥ ዘለለ፣ ትከሻዋ ከትከሻዬ ጋር ተጋጨ፣ እዚያው ተወችው።

"አውቃለሁ" አለች። "ጀንፈሉ ሲወጣ ፊትሽን አይቻለሁ፣ እማዬ። ዓመቱን ሙሉ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።"

ትከሻዋ ይሞቃል። ያ ይሰማኝ ነበር።