ለድንጋይ የተነፋ ጥሩምባ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሰው ሲደነግጥ እኔ ፈገግታዬን የምደብቅበት አጣለሁ።

ቤታችን ቀራንዮ፣ ከተራራው የሚወርደው ወንዝ ዳር ነው። እናቴ የምትተኛበት ሰርቪስ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቷል። በበጋው ዕድራችን ለድንኳኑና ለድስቱ ማስቀመጫ ቤት ሊሠራ ተነሳ። ለመሠረቱ ድንጋይ ከየት ይምጣ ሲባል፣ ወንዙ ውስጥ ሞልቶ የለ እንዴ ተባለ። ትልልቁን እየፈነቀልን አውጥተን መሠረቱን ጣልን። ወንዙም ጸዳልን ብለን ደስ አለን።

ክረምቱ ሲገባ ድሮ በድንጋዩ መሀል እየተጋጨ ይወርድ የነበረው ውሃ ያለ ከልካይ ይጋልብ ጀመር። መጀመሪያ አሸዋውን ጠረገ፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያ የእኛን ዳር መብላት ያዘ። አንድ ጠዋት ከእናቴ ክፍል ጥግ ሥር አፈሩ ተንዶ መሠረቱ ወጥቶ አየሁ። ወደ ትልቁ ቤት ነይ ብዬ እናቴን ለመንኳት። እሷ ግን ከክፍሌ ንቅንቅ አልልም አለች።

የዚያኑ ቀን ምስር ሳጥብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ውሃውን ቀስ አድርጌ ስደፋ አሸዋው ከሥር ይቀራል፤ ስቸኩል ምስሩም አሸዋውም አብሮ ይሄዳል። ወንዛችንን ያስቸኮልነው እኛው ነን። ምስሩን ጥዬ ወደ ዕድሩ ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ደሳለኝ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ድንጋዩን ወደ ወንዙ እንመልሰው።»

«የትኛውን ድንጋይ?»

«የዕድር ቤቱን መሠረት።»

«አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ የሰው ልፋት አፍርስ ነው የምትይኝ?»

«መጥተው ይዩትና እርስዎ ይፍረዱ።»

መጡ። ጎንበስ ብለው አዩና ሄዱ። በማግስቱ ጥሩምባ አስነፉ። ሰፈርተኛው ማን ሞተ እያለ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ።

«የሞተ የለም» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። «ሳይሞት ነው የጠራኋችሁ። ድንጋይ እንሸከማለን።»

ማጉረምረም አልቀረም። ቢሆንም ነጠላው ወገብ ላይ ታሰረ። መሠረቱን አፍርሰን ትልልቁን ድንጋይ በተናደው ዳር ሥርና በውሃው መሀል ደረደርነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ ተራራው ጠቆረ። ጎርፉ ደረሰ። ሁላችንም ዳር ቆመን እናያለን። ድንጋዮቹን ሲመታ አረፋ ደፈቀ፣ አንዱን አንከባለለው፣ ሌሎቹ ግን አልተነቃነቁም። ከእነሱ አልፎ እኛ ጥግ ሲደርስ ጉልበቱ ከድቶት ነበር። ጎርፉ ጎደል ሲል የተበላው ቦታ ላይ ከተራራው ያመጣውን ጥሎልን ሄዷል፤ ከሥር ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ። እናቴ ወጥታ በእግሯ ረገጠችው። ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ።

የዕድር ቤቱ እስካሁን አልተሠራም። ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጠው እናቴ ክፍል ነው። ዕቃ ሊወስድ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ በጀርባ ወጥቶ አሸዋዋን ሳያይላት አትሰጠውም። እኔም አጠገቧ ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ። ኮርቻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።