የጄኔራሉ እናት ስንዴ

ወይዘሮ ሸጋዬ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ክንፈ ወታደር ሆኖ ኤርትራ ውስጥ ሲዋጋ፣ ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር ለእናቱ አንድ ነገር ይልካል። የመቶ አለቃ ሲሆን ፎቶግራፍ፣ ሻምበል ሲሆን ጃንጥላ፣ ኮሎኔል ሲሆን ሬዲዮ ላከ፤ የባትሪ ድንጋዩን ረስቶታል። ጄኔራል ሲሆን ምንም አልላከም። ያን ዓመት ጎረቤቶቻቸው «ጄኔራሉ ትራክተር ይላክላቸው እንጂ!» ብለው የሸጋዬን ማሳ በደቦ ማረሱን ተዉት። ሸጋዬም «ጄኔራሉ» መባሉ ደስ ስላላቸው አልተከራከሩም።

በ1965 ዝናቡ ቀረ። በሬው ሞተ፣ ጎተራው ተጠረገ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ተክለ ሃይማኖት ለክንፈ ደብዳቤ ሊጽፉላቸው ሲቀመጡ፣ ሸጋዬ «ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ብለው ይጻፉልኝ። ጦር ሜዳ ላለ ሰው የጎተራ ወሬ አይነገርም» አሉ። ቄሱም የታዘዙትን ጻፉ።

የእርዳታ ስንዴ መካነ ሰላም ሲገባ ሸጋዬም ተሰለፉ። የእርዳታውን መዝገብ የያዘው ጸሐፊ ፈንታሁን አያቸውና «እማማ፣ ይህ እኮ ደጋፊ ለሌለው ነው። የጄኔራል እናት እዚህ ምን ይሠራሉ?» አላቸው። ሰልፈኛው ሳቀ፤ ለመሳቅ አቅም የነበረው ማለት ነው።

«ልጅ የለኝም ይበሉና ይውሰዱ፤ ንስሐውን እኔ አቀልልዎታለሁ» አሏቸው ቄሱ።

«ልጄን ክጄ የምበላው እህል ከጉሮሮዬ አይወርድም» አሉ ሸጋዬ። ለወራት የዱር ቅጠል ቀቅለው በሉ።

አብዮቱ መጣ፤ ክንፈ ታሰረ። በ1967 መገደሉን ሬዲዮ ተናገረ። ሸጋዬ የሰሙት ከሰው አፍ ነው፤ የሳቸው ሬዲዮ ገና ድንጋይ አላገኘም። መሬት ላይ ተንከባለው አለቀሱ።

በሳምንቱ ፈንታሁን ስማቸውን መዝገብ ላይ አስገባ። አሁን ደጋፊ የላቸውም። ስንዴው ሲታደል ጮክ ብሎ ጠራ፦

«ሸጋዬ፣ ልጅ የሌላቸው!»

ሸጋዬ ፊቱ ቆመዋል። ጆንያቸውን ግን አልዘረጉም። ደግሞ ጠራ።

«እማማ፣ እርስዎን እኮ ነው!»

«እኔ ልጅ ነበረኝ።»

ፈንታሁን ግራ ቀኙን ቃኘ። በዚያ ሳምንት የክንፈን ስም በአደባባይ መጥራት ለማንም የሚበጅ አልነበረም።

«የጄኔራል ክንፈ እናት» አለ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም። ርሃቡ ጆሮዬን አድክሞታል።»

ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ፈንታሁን ላቡን ጠረገና ጮኸ፦

«የጄኔራል ክንፈ እናት!»

«አቤት» አሉ ሸጋዬ፣ ጆንያቸውን እየዘረጉ።