የኮርዲ ፊት በማራገቢያ ላይ

ኦዜላ ፕሩዊት በዚህች በአላባማዋ ትንሽ ከተማችን የሥዕል አስተማሪ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የጥቁሮች ታሪክ የሚታሰብበት የካቲት በገባ ቁጥር ተማሪዎቿን ሥዕል የምታስላቸው በካርቶን ማራገቢያ ላይ ነው። ያው የቀብር ድርጅቱ ለቤተ ክርስቲያናችን በነፃ የሚያድለው፣ ስብከቱ ሲረዝምብን ፊታችንን የምናራግብበት ማለት ነው። የታተመበትን የድርጅቱን ማስታወቂያ በነጭ ቀለም ትሸፍንና፣ “በፈረንጆች 1963 ጥቁርና ነጭ እኩል ይሁን ብለው ሰልፍ ከወጡት የከተማችን ልጆች የአንዱን ፊት ሳሉበት” ትላቸዋለች፤ የሳሉትንም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች።

ከሁሉ የምታስበልጠው ግን የታላቅ እህቷን የኮርዲን ፊት ነው። ኮርዲ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናታቸው እንዳወራችው ከሆነ፣ ፖሊሶቹ ውሻ ሲለቁ እንኳ ከፊት መስመር ንቅንቅ አላለችም። በዓመቱ ዲትሮይት አክስቷ ዘንድ ተላከች፣ እንደወጣችም ቀረች። ለእናቷ ቀብር እንኳ አበባ ልካ ነው የቀረችው። ኦዜላ እሑድ ጎመኑንና የበቆሎ ዳቦውን አቅርባ ብቻዋን ስትቀመጥ እህቷ ትናፍቃታለች። ሰው ናፍቆት ይለመዳል ይላል፤ ውሸቱን ነው።

ዘንድሮ ዛሪያ የምትባል ተማሪ ኮርዲን ከልጅነት ፎቶዋ አይታ ስትስላት ኦዜላ አይታ ክው አለች። ቁርጥ እሷን! ማራገቢያውን ጠቅልላ ዲትሮይት ላከችው። በሳምንቱ ኮርዲ ደወለች።

“የልጅቷ እጅ ይባረክ። ግን እኔ አይደለሁም” አለች።

“አፍንጫው ነው አይደል? ዛሪያ አፍንጫ ላይ ትቸኩላለች።”

“አፍንጫው ደህና ነው። ኦዜላ፣ እኔ ሰልፉ ላይ አልነበርኩም። የውሻውን ጩኸት ስሰማ ከተነሣንበት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተመልሼ ውስጥ አግዳሚ ሥር ገባሁ። ጓደኞቼ ሲታሰሩ እዚያው ነበርኩ። እማማ ለጎረቤቱ ሁሉ ሌላ አወራች። አንቺ ደግሞ ይኸው ስንት ዓመት ለስንቱ ልጅ አወራሽ።”

ኦዜላ አፏን ከመክፈቷ ኮርዲ ቀጠለች።

“በየዓመቱ ግድግዳ ላይ እየሰቀልሽኝ በየት በኩል ልምጣ? የታሰሩትን ጓደኞቼን በምን ዓይኔ ልያቸው?” አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ምስኪን ኦዜላ፣ እህቷን ያራቀቻት ለካ ራሷ ኖራለች። እንደዚያ ቀን አልቅሳ አታውቅም። በማግስቱ ክፍል ገብታ እውነቱን አንድ ሳታስቀር ለልጆቹ ነገረቻቸው።

“ሚስ ኦዜላ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር አላልሽንም? እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እኔም እደበቅ ነበር” አለች ዛሪያ።

ሌላው ተቀበላት፤ “ኧረ እኔስ እስካሁንም ከአግዳሚው ሥር አልወጣም ነበር!”

ኦዜላ ከክፍል እንደወጣች ወደ ዲትሮይት ደወለች። “ነገርኳቸው” አለች።

ኮርዲ ጠየቀች፤ “ምን አሉ?”

“‘መጥታ ራሷ አትነግረንም ወይ’ አሉ። እኔም ናፍቀሽኛል፣ እቴ። ያቺኑ የተደበቀችውን ኮርዲን ነው የናፈቅኩት።”

በስልኩ ውስጥ ስትናፈጥ ተሰማች።

“አውቶቡሱ አሁንም ፖስታ ቤቱ ጋ ነው የሚያወርደው?” አለች ኮርዲ።

“አውቶቡስ እዚህ መምጣት ካቆመ እኮ ሃያ ዓመቱ ነው። ሞንትጎመሪ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ መጥቼ እወስድሻለሁ።”