ቢስል

ልጅ ሳለሁ፣ ጅግጅጋ ውስጥ፣ ተረት ለእኔ የዶሮ ኩስ ሽታ ነበረው። የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ አዴር አብዲ፣ በሶማልኛ አጎቴ አብዲ እንደማለት፣ አመሻሽ ላይ ከሰል አቀጣጥለው ሲያጫውቱን፣ ከጀርባቸው ለማዳበሪያ የተከመረው ኩስ ጆንያ ለብሶ ይጤስ ነበር።

አባቴ ወታደር ነበር፤ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ አልልም። እናቴ በጣቢያው የቀን ሠራተኛ ነበረች፤ ያኔ የተሰጧት የግራር ችግኞች ከጸደቁላት ቋሚ እንደምትሆን ተነግሯታል። ካልጸደቁ፣ ከተማውን ለቀን ወደማላውቃቸው ዘመዶቿ መሄዳችን ነው።

የአዴር አማርኛ ጥቂት፣ የእናቴ ሶማልኛ ከዚያም ያነሰ ነበር። አንዲት ቃል ግን የሁለቱም ነበረች፤ እሳቸው «ቢስል» ሲሉ እሷ «ብስል» ትላለች፣ ይሳሳቃሉ።

አንድ ምሽት ስለ ጅብና ቀበሮ አወሩን። ሥጋ ጥደው ይጠብቃሉ። ጅቡ «ቢስል?» ይላል፤ ቀበሮ «ገና!» ትላለች። በመጨረሻ ጅቡ አላስችል ብሎት አፉን ከሚፈላው ድስት ነከረ፤ አፉ እስከ ዛሬ የጠቆረው ለዚህ ነው። አዴር ከዘራቸውን ወደ ክምሩ ቀሰሩ።

«ይሄም ወላሾ፣ ቢስል ይሁን። ጥሬው ችግኝ ያቃጥላል።» ወላሾ፣ እህቴ ማለታቸው ነው።

«እኔን ጅብ ማለትዎ ነው?»

«ጅቡስ ትንሽ ጠብቋል!»

በማግስቱ አዴር ለለቅሶ ቱሊ ጉሌድ ወረዱ። እናቴ ግማሽ በርሜል እሳት ላይ ጣደች፤ ኩሱን አመሰችው። ዓይኗ በጭሱ እያለቀሰ፣ ደርቆ እስኪፈረፈር ድረስ አገላበጠች፤ ወቅጣ ከአፈር ጋር ደባለቀች፤ በከረጢት ሞልታ ችግኞቿን አዛወረችበት። «አሁን በሰለ» አለች፣ ኩራት ባለው ድምፅ። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሎቹ ጫፍ ጫፋቸው አረረ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ደረቁ።

አዴር ሲመለሱ ከረጢቶቹን አዩ፣ የጠቆረውን በርሜል አዩ፤ ሳቅ አመለጣቸው። ፊቷን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ።

«በእሳት አይደለም ወላሾ! ጊዜ ነው የሚያበስለው!»

እሷ የሰማችው ሳቁን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከከሰላቸው ዳር አልተቀመጠችም፤ እኔንም አላስቀመጠችኝም። ሥራውም ቀረ።

የምንሄድ ዕለት አዴር ጆንያ ተሸክመው መኪናው ድረስ መጡ። የበሰለው ኩስ ነበር፤ ዝናብ የነካው አፈር እንጂ ሌላ አይሸትም። «የትም ብትሄጂ ትዘሪያለሽ» አሏት። እናቴ ፊቷን አዞረች። መኪናው ሲነሳ ጆንያው ገና ትከሻቸው ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያደግሁበት ቤት ተረት የማይወራበት ሆነ። እናቴ ካረጀች በኋላ፣ አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ሳልጠይቃት፣ «አዴር የሳቁት በእኔ አልነበረም፤ በዚያች ቃል ነው» አለች። ከዚያ ራሷም ሳቀች፤ ዓይኗን በነጠላዋ እስክትጠርግ ድረስ።

ስለ አዴር የምንጠይቀው ሰው ግን በዚያን ጊዜ አልቀረንም። እኔ አሁን ችግኝ በተከልሁ ቁጥር ከራሴ የኩስ ክምር ጥቂት ዘግኜ አሸታለሁ። አፈር አፈር ካለኝ፣ ማንም ባይሰማኝም፣ «ቢስል» እላለሁ።